ፊልተሩ ሲጮህ ሶኬቱን አትንቀሉ

የዓሣ ወዳጆች ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ጥያቄዎች አራቱን መረጥኩ። አራቱም ከጎንደር ናቸው፤ አራቱም ስለ አንድ ዕቃ ነው። ከአኳሪየሙ ሥር ካቢኔት ውስጥ የሚቀመጠው፣ በአንድ ቱቦ ውሃ ስቦ፣ አጣርቶ፣ በሌላ ቱቦ የሚመልሰው ዝግ ፊልተር። ሱቅ ውስጥ «ካኒስተር» ነው የሚሉት። ደህና ሲሠራ መኖሩንም ትረሱታላችሁ። መጮህ ሲጀምር ግን ቤቱን ሁሉ ያነቃል። እኔም ዓሣ የማሳድገው እዚሁ ጎንደር ነው፤ ስለ ውሃውም ስለ መብራቱም የምጽፈው ቤቴ ውስጥ እያየሁት ነው።

ጥያቄ፦ የምኖረው አዘዞ ነው። መምህርት ነኝ። ሳሎናችን ውስጥ 200 ሊትር የሚይዝ አኳሪየም አለን፤ ስድስት ወርቃማ ዓሦች አሉት። ካኒስተር ፊልተሩ ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፁ ሳይሰማ ሠራ። ከጥቅምት ወዲህ ግን ያጉረመርማል። አንዳንዴ የሚፈላ ድስት ይመስላል፣ አንዳንዴ ጠጠር የሚፈጭ። እናቴ ሳሎን ስለምትተኛ እንቅልፍ ነሳት። ስለዚህ ማታ 3 ሰዓት ላይ እነቅለውና ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እሰካዋለሁ። ጠዋት ስሰካው ደግሞ ይብስበታል፤ ውሃውም ትንሽ ይሸታል። የሰፈራችን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ «ሞተሩ ዘይት ፈልጓል» አለኝ። ዘይት ላድርግለት ወይስ አዲስ ልግዛ? ለጥምቀት ከባሕር ዳር እንግዶች ይመጡብናል፤ የምናስተኛቸው እዚያው ሳሎን ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ ዘይት አታድርጊ። አዲስም አትግዢ። ከሁለቱም በፊት ግን ማታ ማታ መንቀሉን ከዛሬ ጀምሮ ተዪው። ከጻፍሽው ሁሉ ያስደነገጠኝ ጩኸቱ አይደለም። መጨረሻ ላይ ጣል ያደረግሻት «ትንሽ ይሸታል» የምትለው ናት።

ፊልተር እንደ ሻይ ማጥለያ ቆሻሻ ብቻ የሚይዝ ዕቃ አይደለም። ስፖንጁና የሸክላ ቀለበቶቹ ላይ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። ዓሦቹ የሚያስወጡትን አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ደግሞ ብዙም ወደማይጎዳው ናይትሬት የሚለውጡት እነሱ ናቸው። እነሱም ይተነፍሳሉ። ኦክስጅኑ የሚደርሳቸው ከሚፈሰው ውሃ ጋር ነው። ማታ ስትነቅዪው ውሃው ባለበት ይቆማል። ዕቃው ዝግ ነው፣ አየር መግቢያ የለውም፣ ውስጥ ያለችውን ኦክስጅን ይጨርሷታል። ከዚያ መሞት ይጀምራሉ፤ በምትካቸው ያለ ኦክስጅን መኖር የሚችሉት ሌሎች ይነሣሉ። የተበላሸ እንቁላል የመሰለ ሽታ ከሆነ የሸተተሽ የእነዚያ ሥራ ነው። ጠዋት ስትሰኪው ደግሞ ሌሊቱን ታፍኖ ያደረው ውሃ በሙሉ ዓሦቹ ላይ ይደፋል።

እኛ ጋ ነገሩ ይከብዳል። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። 25 ዲግሪ ሙቀት ያለው ውሃ ባሕር ዳርቻ ባለ አገር በሊትር 8.3 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን መያዝ ይችላል፤ እዚህ የሚይዘው ግን 6.3 ገደማ ነው። ወደ ሩብ የሚጠጋው ገና ከመነሻው የለም ማለት ነው። ወርቃማ ዓሣ ደግሞ ብዙ በልቶ ብዙ የሚያስወጣ፣ ኦክስጅን የሚፈልግ ዓሣ ነው። «ለጥቂት ሰዓት ቢጠፋ ምንም አይልም» የሚል ምክር የሆነ ቦታ ብታነቢ፣ የጻፈው ሰው ምናልባት ባሕር አጠገብ ተቀምጦ ነው።

ለጩኸቱም ቢሆን መንቀሉ አልበጀሽም። ፊልተሩ ሲሠራ ስፖንጁ ውስጥ እዚህም እዚያም የተያዘ ትንንሽ አየር አለ። ሌሊት ውሃው ሲቆም ያ አየር ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣና ክዳኑ ሥር፣ ልክ ሞተሩ ያለበት ቦታ ይሰበሰባል። ጠዋት ሞተሩ ሲነሣ አየርና ውሃ አብሮ ይመታል። «ጠዋት ይብስበታል» ያልሺው ይህን ነው። ከጩኸቱ ግማሹን የሚያመጣው ያው መንቀሉ ነው።

ዛሬ ማታ እናታችን እንዲተኙ እንዲህ አድርጊ። መጀመሪያ ውሃ ሙዪ። ከዚያ የውሃ መመለሻውን አፍ ከውሃው ወለል በታች አድርጊው፤ ከላይ ሲወርድ ነው የሚንፏፏው። ግን አፉን ወደ ላይ ቀና አድርጊው፣ ወለሉ እንዲንቀጠቀጥ፤ ኦክስጅን የሚገባው በዚያ ነው። አሁንም ካስቸገረ የመመለሻውን ቱቦ መክፈቻና መዝጊያ ቧንቧ ትንሽ ጠበብ አድርጊ። የመመለሻውን ነው ያልኩት። የመሳቢያውን ከዘጋሽ ሞተሩ ውሃ ይጠማዋል፣ ጩኸቱም ይብሳል።

አሁን ወደ ድምፁ። የወጥ ማማሰያሽን አምጪ፣ ደረቁንና ረጅሙን። አንዱን ጫፍ ፊልተሩ ክዳን ላይ፣ ሌላውን ጆሮሽ ፊት ያለው አጥንት ላይ አስደግፊ። ቴሌቪዥኑን አጥፊ፣ ልጆቹን ጸጥ አሰኚ፣ አንድ ደቂቃ ዝም ብለሽ አዳምጪ። መካኒኮች በካቻቪቴ የሚያደርጉት ነው፤ እንጨቱም ድምፁን እንዳለ ያመጣዋል። ቦታ እየቀያየርሽ ክዳኑን፣ ጎኑን፣ ቱቦውን፣ የካቢኔቱን ጣውላ አዳምጪ። ቡልቅ ቡልቅ የሚል ከሆነ አየር ነው። ቀጭ ቀጭ ወይም ክርር የሚል ከሆነ የሚፋተግ ነገር አለ። ወጥ የሆነ እምምም ሆኖ ክዳኑ ላይ ቀስ ያለ፣ ጣውላው ላይ ግን የጎላ ከሆነ ደግሞ ፊልተሩ ጤነኛ ነው፤ የሚጮኸው ካቢኔቱ ነው።

አንቺ ሁለቱን ጽፈሽልኛል። «የሚፈላ ድስት» አየር ነው፣ «ጠጠር የሚፈጭ» መፋተግ ነው። የጀመረበት ወር ደግሞ ብዙ ነገር ይነግረኛል። ጥቅምት ዝናቡ የሚያበቃበት፣ አየሩ የሚደርቅበት ጊዜ ነው፤ ውሃው ቶሎ ቶሎ ይተናል። ቧንቧ በፈረቃ ሲመጣ ደግሞ ሰው ከሮቶው ለማብሰያና ለማጠቢያ ይቆጥባል እንጂ ለዓሣ አይሞላም። እንዲህ እያለ ወለሉ በየቀኑ ዝቅ ይላል፤ አንድ ቀን መሳቢያው ከውሃው ጋር አየር ይጎትታል። ስለዚህ መጀመሪያ ወለሉን እዪ። መስታወቱ ላይ በማርከር አንድ መስመር አስምሪ፤ ውሃው ከሱ ሲወርድ ሙዪ። ቀኑን ሙሉ ክፍት ዕቃ ውስጥ ያደረ ውሃ ይሁን፤ ክሎሪኑ ይወጣል፣ ክሎሪን ማጥፊያ ጠብታ ካለሽም እሱን ተጠቀሚ። ማደሩ ሌላም ጥቅም አለው። ከቧንቧ በቀጥታ የመጣ ቀዝቃዛ ውሃ ቤት ውስጥ ሲሞቅ የያዘውን አየር በጥቃቅን አረፋ መልክ ይለቃል። ያ አረፋ ፊልተሩ ውስጥ ገብቶ ይጠራቀማል።

አየር የምትነፋ ድንጋይ ካለሽም ከመሳቢያው አርቂያት። ይህን የምለው ደጋግሜ ስላየሁት ነው። ሰው ሞተሩን ፈቶ፣ አጥቦ፣ ገጥሞ፣ ደክሞት ሲቀመጥ አረፋዋ ከመሳቢያው ሥር ቡልቅ ቡልቅ እያለች ቀጥ ብላ ስትገባ ይታያል። ወደ ሌላው ጥግ አዙሪያት፣ አለቀ።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ስፖንጁ ነው። ክረምት ላይ ቧንቧ የሚያወርደው ውሃ ድፍርስ ነው፤ የውሃ ግድባችንን የአንገረብን ደለል የማያውቅ ጎንደሬ የለም። ያን ውሃ ሐምሌና ነሐሴ ሁሉ ስትቀይሪበት ከርመሽ ከሆነ ስፖንጁ እስከ ጥቅምት በጭቃ ተደፍኗል። ውሃ በደንብ ሲያልፍ የነበረበት መንገድ ሲጠብ ሞተሩ ይታገላል። ስፖንጁን እጠቢው፤ ግን ከአኳሪየሙ በቀዳሽው ውሃ፣ ባልዲ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ እያደረግሽ። ከቧንቧ ሥር አታድርጊው፤ ክሎሪኑ ባክቴሪያዎቹን ይገድላል። ሁሉንም በአንድ ቀንም አትጠቢ። አሁን ስፖንጁን፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ የሸክላ ቀለበቶቹን ለቅለቅ። ማታ ማታ ሲታፈኑ ስለከረሙ ከባክቴሪያዎቹ የተረፉትን ማትረፍ አለብን።

ቀጥሎ የሚፋተገውን እንይ። የምትፈቺው አንድ ቀን ረጋ ብለሽ ነው፣ በቀን ብርሃን። መጀመሪያ ሁሉንም ከሶኬት ንቀዪ፦ ፊልተሩን፣ ማሞቂያውን፣ መብራቱን። እጅሽ ውሃ ውስጥ እያለ አንድም ነገር የተሰካ እንዳይኖር፤ በዚህ አልደራደርም። የቱቦዎቹን ቧንቧ ዝጊ፣ ፊልተሩን ሳፋ ውስጥ አስቀምጪ፣ ክዳኑን ከፍተሽ ገልብጪው። ክዳኑ ሥር፣ መሐል ላይ በትንሽ የፕላስቲክ ሽፋን የተዘጋ ጉድጓድ አለ። ሽፋኑን ስትጠመዝዢው ይወጣል። ውስጡ ያለችው ውሃውን የምትገፋው መዘውር ናት፤ ኢምፔለር ይሏታል። በጣትሽ ስትስቢያት «አልመጣም» ትላለች፤ ማግኔት ስለሆነች ነው። በፒንሳ አትጎትቺ። ቀስ ብለሽ ቀጥ አድርገሽ ሳቢ።

ከሥርሽ ፎጣ አንጥፊ፣ የማጠቢያውን ቀዳዳ ድፈኚ። መዘውሯ የምትዞርበት ነጭ ዘንግ ብዙውን ጊዜ ሴራሚክ ነው። ቀጭን ነው፤ ወለል ላይ ከወደቀ እንደ ስኒ ይሰበራል። በዘንጉ ሁለት ጫፍ ላይ ደግሞ ከምስር ፍሬ ብዙ የማይበልጡ ጥቁር ጎሚኒዎች አሉ። እኔ የዛሬ ሦስት ዓመት አንዷን ሳላያት ከቆሻሻው ጋር ወደ ፍሳሹ ለቀቅኳት። ፊልተሩን ገጥሜ ስሰካው ቀ-ቀ-ቀ-ቀ አለ። ወር ሙሉ ሞተሩ ተበላሽቷል ብዬ ስጨነቅ ቆየሁ። ምትኳን አግኝቼ ስገጥማት በዚያው ቅጽበት ዝም አለ። ጫፉ ላይ የሚይዘው ሲያጣ ዘንጉ ይንገላታል፣ ይህቺው ናት ምክንያቷ። ስለዚህ ስትፈቺም ስትገጥሚም ቁጠሪያቸው።

መዘውሯን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እሺት እሺት አድርጊ። የሚያዳልጥ ቡናማ ልጋግ ታገኛለሽ፤ የፀጉር ክርም ሊኖር ይችላል። ጉድጓዱን ደግሞ በጆሮ ጥጥ ጥረጊው፤ አሸዋዋ የምትደበቀው እዚያ ነው። ክንፎቿን ቁጠሪ። አንድ እንኳ ከጎደለ ሚዛኗ ይዛባል፣ ያን ጊዜ ማጠብ አይረዳም፤ መቀየር ነው። ዘንጉን በብርሃን እያዞርሽ እዪ፣ ስንጥቅ ወይም የተበላ ቦታ ካለ እሱም ይቀየራል። የቤትሽ ማንቆርቆሪያ ነጭ ቅርፊት የሚሠራ ከሆነ ፊልተርሽም ላይ ያው ቅርፊት አለ። መዘውሯን ግማሽ ሰዓት አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፊያት፣ ከዚያ በደንብ አለቅልቂ። መለዋወጫው ጎንደር ከጠፋ ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ሰው የመለያውን ጽሑፍ ፎቶ አንስተሽ ላኪለት፤ የአንዱ ሞዴል ለሌላው አይሆንም።

ስለ ዘይቱ ደግሞ፦ ሰውዬው ክፉ አልመከረሽም፤ የሚያውቀው የቬንትሌተርና የወፍጮ ሞተር ነው፣ እነዚያ ኩሽኔታ አላቸው። ይሄኛው ግን ኩሽኔታ የለውም። የኤሌክትሪኩ ጥቅል ሙጫ በመሰለ ነገር ታሽጎ ተዘግቷል፤ የሚዞረው ማግኔቱ ብቻ ነው፣ እሱም ውሃ ውስጥ ነው የሚዞረው። የሚያለሰልሰውም የሚያቀዘቅዘውም ውሃው ነው። ዘይት ካደረግሽበት ዘይቱ ወደ አኳሪየሙ ይወጣል፣ ወለሉ ላይ እንደ ስስ ልብስ ይዘረጋና ኦክስጅን እንዳይገባ ይከለክላል። ጎሚኒውንም ያሳብጠዋል።

ስትገጥሚው ፊልተሩን ባዶ አትዝጊው። በአኳሪየሙ ውሃ እስከ አፉ ሙዪውና ክዳኑን ግጠሚ። ቧንቧዎቹን ክፈቺ፣ ሰኪው፣ ከዚያ ፊልተሩን በሁለት እጅ ይዘሽ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ዘንበል ዘንበል አድርጊው። ጉርር እያለ አየሩ በመመለሻው ቱቦ ሲወጣ በዓይንሽ ታያለሽ። ካልወጣ ለአምስት ሰከንድ ነቅለሽ መልሰሽ ሰኪ፤ ሁለት ሦስቴ ደጋግሚ። የቀረችው ትንሽ አየር በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ራሷ ትወጣለች። በየቀኑ የሚመለስ አረፋ ካየሽ ግን የሆነ ቦታ አየር ይገባል ማለት ነው። በስልክሽ መብራት የመሳቢያውን ቱቦ ከላይ እስከ ታች ተከታተዪ፤ አረፋው ከሚጀምርበት መገጣጠሚያ ላይ ነው ችግሩ።

መብራት ሲጠፋም ነገሩ ያው ነው። ለጥቂት ደቂቃ ከሆነ ተዪው፣ ራሱ ይነሣል። ብዙ ሰዓት ከጠፋ ግን መብራቱ ሳይመጣ ንቀዪው። ሲመጣ ከፍተሽ አሽትቺ። ከሸተተ ውስጡ ያለውን ውሃ ድፊ፣ ስፖንጁን በአኳሪየሙ ውሃ ለቅልቂ፣ አዲስ ሞልተሽ ነው የምትሰኪው። ጥምቀት እስኪደርስ ጊዜ አለሽ፤ በዚህ ሳምንት ከጀመርሽው እንግዶችሽ ፊልተሩ መኖሩንም አያውቁም።

ጥያቄ፦ ማራኪ አካባቢ የምኖር ተማሪ ነኝ። አጎቴ ከአሜሪካ ካኒስተር ፊልተር ላከልኝ። 120 ቮልት ስለሚል የምሰካው በትራንስፎርመር ነው። አዲስ ነው፤ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እምምም ይላል፣ ውሃም ካርቶኑ ላይ እንደተጻፈው አይገፋም። አየሩን አውጥቻለሁ፣ አጥቤዋለሁ፣ ለውጥ የለውም። ተበላሽቶ ነው የመጣው?

መልስ፦ አልተበላሸም ወንድሜ። የተሠራው ለሌላ አገር መብራት ነው።

መለያውን እንደገና አንብብ። ከ120 ቮልት ቀጥሎ 60 ኸርዝ ይላል፤ ኸርዝ ኤሌክትሪኩ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ የሚናገር ቁጥር ነው። የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመርህ ቮልቱን ያወርድልሃል፤ ኸርዙን ግን አይነካውም፣ 50 ገብቶ 50 ይወጣል። የዚህ ዓይነት ፊልተር ማግኔት የሚዞረው ደግሞ ልክ ኤሌክትሪኩ በሰከንድ በሚመላለሰው ልክ ነው። አሜሪካ በደቂቃ 3,600 ጊዜ የሚዞረው እዚህ 3,000 ጊዜ ነው የሚዞረው። ስድስተኛው እጅ ጠፋ ማለት ነው፤ ውሃው የደከመው ለዚህ ነው። ጥቅሉም ለ60 ስለተጠቀለለ በ50 ሲሠራ ከታሰበለት በላይ ይሞቃል፣ እምምታውም ይጎላል። ይህን ማጠብ አያስተካክለውም።

ማማሰያውን አንተም ሞክረው፣ በመጀመሪያ ግን ትራንስፎርመሩን ራሱን አዳምጥ። ከፊልተሩ የመጣ የመሰለው ድምፅ ከትራንስፎርመሩ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ። እሱ ከሆነ ከካቢኔቱ አውጥተህ ስፖንጅ ላይ አስቀምጠው፤ ውሃ የማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይሁን። ከዚያ የፊልተሩን ክዳን በእጅህ ዳስስ። ለብ ካለ ለጊዜው ተጠቀምበት። እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ ግን ዛሬውኑ አቁመው፤ ሌላ እስክታገኝ አየር የምትነፋ ፓምፕና የስፖንጅ ፊልተር ይበቃሃል፣ ዋጋውም አይጎዳህም።

ለአጎትህ የላከልህን አመስግንና በሚቀጥለው 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ የሚል እንዲፈልግ ንገረው። በዘመድ በኩል ከውጭ ዕቃ የሚያስመጡ ሁሉ ይህን ልብ ይበሉ። ከዱባይ የሚመጣው 50 ኸርዝ ነው፣ ይሆናል። ከሳውዲ የሚመጣው ግን ቮልቱ ከእኛ ጋር ቢቀራረብም 60 ኸርዝ ሊሆን ይችላል፤ ያለ ትራንስፎርመር ስለሚሰካ ማንም አይጠረጥረውም። መለዋወጫ ስታዝም ኸርዙን ጥቀስ፤ አንዳንድ አምራቾች ለ50 እና ለ60 የተለያየ መዘውር ነው የሚሠሩት።

ጥያቄ፦ ፒያሳ ካፌ አለኝ። ለደንበኞች ደስ ይበላቸው ብዬ 400 ሊትር የሚሆን አኳሪየም አስገባሁ። ከጎርጎራ ያስመጣኋቸው አራት ቆሮሶዎች አሉበት። አሸዋውን ከቀሃ ወንዝ አስመጥቼ አጥቤ አነጠፍኩ። ለፊልተሩ የሸክላ ቀለበት ስላጣሁ ቀይ አሽ ሞላሁበት። አሁን ክርር እያለ ይፈጫል፣ አንዳንዴም ቀጥ ይላል። ቀይ አሹን ላውጣው?

መልስ፦ ጋሼ፣ ቀይ አሹን አያውጡት። ጥሩ ሐሳብ ነው። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስለሆነ ባክቴሪያ በደንብ ይይዛል፤ ተገዝቶ ከሚመጣው ቀለበት አያንስም። ችግሩ ዱቄቱ ነው። አውጥተው ውሃው ኩልል እስኪል ደጋግመው ይጠቡት፣ በመረብ ከረጢት ያስሩት። አብዛኛው ካኒስተር ውሃውን ከታች ወደ ላይ ነው የሚያሳልፈው፣ ሞተሩም ከላይ ነው። ስለዚህ ከታች ሸካራውን ስፖንጅ፣ መሐል ላይ ቀይ አሹን፣ ከላይ ደቃቁን ስፖንጅ ያድርጉ። የላይኛው ከሌለ ቀይ አሹ የሚለቀው ሁሉ ቀጥታ ሞተሩ ውስጥ ነው የሚገባው።

ዋናው ተጠያቂ ግን አሸዋውና ቆሮሶዎቹ ይመስሉኛል። ወንዱ ቆሮሶ ለመራባት ሲዘጋጅ አሸዋውን በአፉ እየዛቀ ጎድጓዳ ጎጆ ይሠራል። ቆመው ቢያዩት አሸዋውን አፍኖ ይነሣና ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ይተፋዋል። ያ አሸዋ ውሃው ውስጥ ሲበተን ደቃቁን መሳቢያው ይወስደዋል። የእኛ አገር አሸዋ ደግሞ ሌላ ነገር አለው። የጎንደር ዙሪያ ድንጋይ አብዛኛው ጥቁር ድንጋይ፣ ባዛልት ነው፤ ከእሱ ተፈርፍሮ የሚመጣ አሸዋ ማግኔት የሚይዘው ጥቁር ደቃቅ አለበት። የፊልተሩ መዘውር ማግኔት ናት። አንዴ ከገባ በራሱ አይወጣም፣ ይለጠፍባታል፣ እየዞረ ጉድጓዱን ይፍቃል። ማረጋገጥ ከፈለጉ ከተበላሸ ስፒከር ያወጡትን ማግኔት በላስቲክ ጠቅልለው ደረቅ አሸዋው ላይ ያንቀሳቅሱት። ጥቁሩ ዱቄት ላስቲኩ ላይ እንደ ጢም ሲቆም ያያሉ።

ስለዚህ መዘውሯን አውጥተው በብሩሽ ይጥረጉ፤ የተለጠፈውን በፕላስተር በሚያጣብቀው ጎን ጫን ጫን እያደረጉ ቢያነሡት ይለቃል። ዘንጉ ወይም መዘውሯ ከተፋቀ ሁለቱንም አብረው ይቀይሩ፤ አዲሷን ከተበላ ዘንግ ጋር ካገናኟት ጩኸቱ ይመለሳል። የመሳቢያውን አፍ ከአሸዋው አንድ ስንዝር ከፍ ያድርጉት፣ ላዩ ላይ ሸካራ ስፖንጅ ያልብሱት፤ ስፖንጁን በየሳምንቱ ማጠብ ይኖርብዎታል። ቀጥ ሲል ግን አስተናጋጆቹ በጥፊ መታ እያደረጉ እንዳያስነሡት ይንገሯቸው። ፊልተሩ ሲቆም ሞተሩ እየሞቀ ነው፤ ነቅለው ይክፈቱት።

ጥያቄ፦ ፊልተሬ ካጠብኩት በኋላ ፉ-ፉ ይላል፣ ትንሽ ውሃም ያንጠባጥባል። የክዳኑን ጎማ ቫዝሊን ቀብቼው ነበር። አሁን ጎማው ረዝሞ ቦታው ላይ አልገባም ይላል።

መልስ፦ ቫዝሊኑ ነው ያሳበጠው። ከነዳጅ የሚወጣ ቅባት ብዙ ዓይነት ጎማ ያበላሻል። ፉ-ፉ የሚለውም በዚያው ክፍተት አየር ሲገባ ነው። ጎማውን በጥቂት የሳህን ሳሙና እጠበው፣ በደንብ አለቅልቀው፣ ጥላ ላይ አንድ ሁለት ቀን ተወው። ወደ ልኩ ከተመለሰ የሲሊኮን ግራሶ በጣትህ ስስ አድርገህ ቀባው። ካልተመለሰ አዲስ ጓርኒሲዮን ያስፈልግሃል። ስትገጥመው ጎማው የሚቀመጥበትን ቦይ ዙሪያውን በጣትህ ዳስስ፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት እንኳ ካለች ያንጠባጥባል። እስኪስተካከል ድረስ ፊልተሩን ሳፋ ውስጥ አስቀምጠው፤ የሶኬት ማከፋፈያውን ከወለል አንሥተህ ግድግዳ ላይ ስቀለው፤ ገመዱ ደግሞ ወደ ሶኬቱ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች እጥፍ ብሎ ይንጠልጠል፣ ውሃ በገመዱ ላይ ቢወርድ እዚያ እጥፋቱ ላይ ይንጠባጠብ።